የላስ ጉሮው አንቴና ወዴት ይዙር?

ሺርዶንን የሚያውቀው ሁሉ «ሸረሪቱ» ይለዋል። እኛ ሶማሌዎች ሰውን በስሙ ብቻ መጥራት አይሆንልንም፤ አንካሳውን አንካሳ፣ ጆሮ ትልቁን ጆሮ ትልቁ ካላልነው የምናውቀው አይመስለንም። እሱ ደግሞ ከቡርኦ እስከ ባሕሩ ዳር ያሉትን የስልክ ማማዎች ሲወጣና ሲወርድ ነው ያረጀው። ጉልበቱ አልቋል፤ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ከመኪናዬ ማርሽ ይብሳል። እኔ ሾፌሩ ነኝ። ጸጉሬም የሸበተው ከእሱ ጋር ስዞር ነው።

ሰው አንቴና መስቀል ብረት ማሰር ይመስለዋል። ብረቱማ ቀላል ነው፤ ሰው የሚገድለው ወሬው ነው። ማማ ላይ ሦስት አንቴና ይሰቀላል፤ እያንዳንዱ አንቴና ድምፅ የሚልከው ፊቱን ወዳዞሩበት ነው፣ ከጀርባው የቆመ እምብዛም አያገኝም። አቅጣጫውን ሐርጌሳ ያሉት መሐንዲሶች በካርታ ይወስናሉ። እኛ ዘንድ ግን የመጨረሻው ውሳኔ ግራር ሥር ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣል፣ ግጥም ይገጠማል፣ «ለእነሱ ፊት ሰጥታችሁ ለእኛ ጀርባ?» ይባላል። ሺርዶን መፍቻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥግ ይዞ ይጠብቃል። ዕድሜው ያለቀው በመውጣት ሳይሆን በመጠበቅ ነው ብል አልዋሸሁም።

የላስ ጉሮ ከተማ ማማም በዚሁ መንገድ ነበር የቆመው። አንዱ አንቴና ወደ ገበያው፣ ሁለተኛው ወደ ሽማግሌው ኤጌ መንደር፣ ሦስተኛው ወደ ሽማግሌው ሐንዱሌ ሰዎች ሰፈር እንዲዞር ተስማሙ። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። የሐንዱሌ ሰዎች ግመላቸውን ነድተው ሌላ ግጦሽ ፍለጋ ሄዱ፣ ሐንዱሌ ራሱም ከተማው ገባ። የሰፈሩበት ሜዳ ላይ የቀረው የእሾህ አጥር ብቻ ነው። አንቴናው ግን ዛሬም ፊቱ ወደዚያው ነው። አዙሩት የሚል ሲመጣ ሐንዱሌ ይቆጣል።

ከላስ ጉሮ ወዲያ ካለው ሸንተረር ጀርባ ደግሞ ሸለቆ አለ። ውኃው እዚያ ነው፣ ሰውም እዚያ ነው። ኔትወርክ ግን የለም፤ መደወል የፈለገ ሸንተረሩን ይወጣል። የሺርዶን አንድያ ሴት ልጅ ኡባሕ እዚያ ነው ያገባችው። ሁለተኛዋን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት፣ አዋላጇ ኤብላ ለክትባት እዚያው ስለነበረች ብቻ ነው የተረፈችው። አሁን ሦስተኛውን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ሺርዶን ላስ ጉሮ መጥታ እንድትወልድ ለመናት። «ልጆቼንና ፍየሎቼን ለማን ጥዬ?» አለችው። ኤብላ ቤቷ ከማማው ሥር ነው፣ መኪናም አላት። «ምጥ እንደጀመራት ይደውሉልኝ እንጂ እደርስላታለሁ» ትላለች።

«ሞገዱ ሸንተረሩን አይበሳም» አለኝ ሺርዶን ወደ ላስ ጉሮ ስንሄድ። «ግን የሐንዱሌን አንቴና ሸለቆው አፍ ላይ ወዳለው ቀይ ገደል ባዞረው፣ ገደሉን መትቶ ይነጥርና ሸለቆው ውስጥ ይወርዳል። ኳስ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ አላየህም?»

«ኩባንያው ምን አለ?»

«ሽማግሌዎቹ ከፈቀዱ አዙር አለ።» ተነፈሰ። «ሽማግሌዎቹ ከፈቀዱ።»

ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ሐንዱሌ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ፦ «ያ ብረት ፊቱን ካዞረ ሰው ምን ይላል? ሜዳው ባለቤት የለውም ይላል። ዝናቡ ሲመለስ የባዳ ግመል እናገኝበታለን።» እውነቱን ለመናገር ሞኝ አልነበረም፤ እንዲህ ተብሎ የተነጠቀ መሬት አውቃለሁ።

ከኤጌ ወገን አንድ አፈኛ «ግመሎችህ ይደውሉልሃል እንዴ፣ ሐንዱሌ?» ብሎ ጮኸ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሐንዱሌ ሽርጡን አጥብቆ ሊሄድ ተነሳ።

ሺርዶን በሸንጎ ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀን ተነሳ። «አጎቴ ሐንዱሌ፣ እስቲ አሁን ወደዚያ ሜዳ ይደውሉ። ማን ያነሳል?»

ሐንዱሌ ወደ ሜዳው ዞሮ አየ።

«እኔ የምታነሳልኝ ልጅ አለችኝ» አለ ሺርዶን። «ደሟ እንደማይቆም ያውቃሉ።»

ሐንዱሌ ተመልሶ ተቀመጠ። «ልጅህ ልጃችን ናት» አለ። «አዙረው። ነገር ግን ተሰድቤ አልፈቅድም። የሰደበኝ ሰው በግ ይዞ ይምጣና በሸንጎ ይካሰኝ። ነገ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ።»

«ምጥ ሶላት ይጠብቃል?» አለኝ ሺርዶን በጆሮዬ።

እኔ ነደደኝ። «ውጣና አዙረው! ምን ያመጣሉ?»

«ጥይት ያመጣሉ» አለ። «ማማው ይመታና ለማንም አይሆንም። እንጠብቅ።»

ጠበቅን። በማግስቱ በጉ መጣ፣ ታረደ፣ አፈኛው የሐንዱሌን ራስ ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ዱዓ ልናደርግ ስንል የሺርዶን ስልክ ጮኸ። የኡባሕ ባል ዓዋሌ ነው። ሸንተረሩን እየሮጠ ስለወጣ ቃል ማውጣት አቅቶታል። ልጁ ተወልዷል፣ ወንድ ነው፣ ደሙ ግን አልቆመም። ይህን ብሎ ወደ ሚስቱ ቁልቁል ሮጠ።

ኤብላ መኪናዋን አስነሳች። መንገዱ ሸንተረሩን ዞሮ ስለሚሄድ ረጅም ነው። በመስኮቱ ብቅ ብላ «ሺርዶን፣ አንተ አትምጣ!» አለችው። «አንቴናውን አዙርልኝ። ድምፄ ከገባላቸው ሆዷን እንዴት እንደሚያሹት እየነዳሁ እነግራቸዋለሁ።»

ያን ጉልበት ይዞ እንዴት እንደወጣ አላህ ነው የሚያውቀው። ቀበቶውን ሲያስር አየሁት፣ ከዚያ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ብሎኑ ዝጎ ነበር፤ መፍቻው ሲንሸራተትበት፣ እሱም ሲሳደብ ይሰማኛል፣ በሕይወቴ ሲሳደብ ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ማማው ሥር መጥተው ቆመዋል። በመጨረሻ አንቴናው ከእሾህ አጥሩ ዞሮ ፊቱን ለቀዩ ገደል ሰጠ። ትንሽ ቀና አደረገው፣ አጠበቀው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«ኡባሕ ናት!» ብሎ ከላይ ጮኸልን። «የእሷ ቁጥር ነው! ከቤት ነው!» ሲስቅ ሰማሁት። ሰዉ አላሁ አክበር አለ። አፈኛው ሐንዱሌን አቀፈው። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል።

ከዚያ ከላይ የሚመጣው ድምፁ ዝቅ አለ። ነፋሱ ወደ እኛ ስለነበር ቃሉ እየተቆራረጠ ይደርሰኛል።

«ዓዋሌ? ... አንተ ነህ እንዴ? ... እሷን አገናኘኝ።» ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ። «መቼ?» አለ። ቆይቶ ደግሞ «አይ፣ ልጄ፣ አትጩህ። ይሰማኛል። አጠገቤ ያለህ ያህል ነው የምትሰማኝ» አለ። «ለኤብላ ደውልላት። ከእንግዲህ እንዳትቸኩል ንገራት፣ መንገዱ ገደል ነው።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ግንባሩን ብረቱ ላይ ደገፈ። ሐንዱሌ ጆሮው ትንሽ ከብዶታል፣ ከላይ የተባለውን አልሰማም። ክንዴን ይዞ ወደ ላይ እያንጋጠጠ «ሠራ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ፣ አጎቴ» አልኩት። «ሠርቷል።»