የአራት ደቂቃ ሰበብ

እኔ ያለ ጉዳይ ስልክ የምደውል ሰው አይደለሁም። ያለ ጉዳይ ሲደወልልኝም ደስ አይለኝም፤ ገና ከሰላምታው ሳንወጣ "ምን ፈለግሽ?" ነው የምለው። ልጄ ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ ከናይሮቢ የምትደውለው አንድ ነገር ሲቸግራት ብቻ ነው። ጎረቤቶቼንም ተራ በተራ በነገር ወግቼ አርቄያቸዋለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ "አንቺ ሴት፣ ይሄ ምላስሽ ብቻሽን ያስቀርሻል" ይለኝ ነበር። እሱ ሞተ፣ እኔም ብቻዬን ቀረሁ። ምላሴ ግን አብራኝ አለች።

የምሠራው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ የጭነት መኪኖችን ወረቀት በምታስጨርስ አንዲት ትንሽ ቢሮ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንዲት እኔ አለን። ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር ሾፌር በመስኮቴ ይመጣል፤ መሸኛውን አትሜ እሰጠዋለሁ። ከድንበሩ ማዶ፣ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ከእኛ ጋር የምትሠራ ሌላ ቢሮ አለች፤ መኪናው ሲደርስ እሷ ደግሞ መቀበያውን ታትማለች። በሁለቱም ወረቀት ላይ ሰዓቱን የሚያሰፍረው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ታዲያ ከእኔ ዘንድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ የተባለ መኪና እዚያ አራት ከሃያ ላይ ደረሰ ከተባለ፣ ኬላው ላይ ወረቀት የሚያየው ሰው "ሳይነሳ የደረሰ መኪና አላውቅም" ብሎ ያቆመዋል። ሰውየው እውነቱን ነው።

ለዚህ ሲባል በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማዶ እደውል ነበር። ስልኩን የሚያነሱት ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስምንት ዓመት ስንደዋወል አንድም ቀን ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። እሳቸውም ቢሯቸውን ትተው አይወጡ፣ እኔም መስኮቴን ዘግቼ አልሄድ።

"ስልክሽን አይተሽ ሰዓቱን አታስተካክዪም እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ባስተካክለውስ? የሳቸው ኮምፒውተር እንደኔው የራሱ ጠባይ አለው፤ አንድ ሳምንት ይቀድማል፣ አንድ ሳምንት ይጎተታል። ወረቀቴ የሚመሳከረው ከሰማይ ሰዓት ጋር ሳይሆን ከሳቸው ኮምፒውተር ጋር ነው። የእኔው ደግሞ ስቲማ፣ ማለቴ መብራት፣ በጠፋ ቁጥር ሁሉን ይረሳል። መብራት ተመልሶ ስከፍተው ከልጄ ልደት በፊት የነበረ ዓመት ያሳየኛል። ይህን የነገርኳቸው ቀን ጋሼ "ያንቺስ ከእኛ አቆጣጠርም ወደ ኋላ ቀረ!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

"ያንቺ ስንት ይላል?" ይሉኛል።

"ሦስት ከሁለት።"

"የእኔ ሦስት ከአምስት። አንቺ ትመጪ ወይስ እኔ ልምጣ?"

"እኔ እመጣለሁ።" የሚመጣው ሰዓቱን በሌላው ልክ የሚያስተካክለው ነው።

"በይ ሦስት ከስድስት ብለሽ ጻፊና ጣትሽን አዘጋጂ። ቆይ... ቆይ... አሁን!"

እጫናለሁ። ኮምፒውተሩ የሚጽፈው ዘጠኝ ብሎ ነው፤ እኛ ግን ሦስት ነው የምንለው፣ በስዋሂሊም ሰዓ ታቱ ነው። በዚህስ ድንበር የለንም።

ሰዓቱ ከገጠመ በኋላ ጋሼ አይዘጉም። "እናንተ ጋ ዘነበ?" ይላሉ። ሁሌ ይችኑ ነው። እኔም ሁሌ "ጋሼ፣ ሰማዩ አንድ አይደል እንዴ?" እላቸዋለሁ። "ለወሬ ነው እንጂ" ይሉና "ቁርስ በላሽ?" ያስከትላሉ። ሁሉ ነገር ተደምሮ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። በቀን ውስጥ መብላቴን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው ግን አልነበረም፤ ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

አንድ ቀን ናይሮቢ ያለችው የቢሮው ባለቤት መልእክት ላከች። ኮምፒውተሮቹ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት ራሳቸው ይቀበሉ፣ ማዶ ያለውም እንደዚያው ይደረግ፣ በእጅ መነካካቱ ይብቃ አለች። እንዴት እንደሚደረግም በዝርዝር ጽፋልኛለች። ሰው የማላስቸግር ነኝና ራሴ ጀመርኩት። የኮምፒውተሩን ጎን ፈትቼ ሳንቲም የምታክለውን የሞተች ባትሪ አወጣሁና አዲስ ከተትኩ። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ አልኩት። ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያዘው ቦታ ላይ ምልክት አደረግሁና ሰዓቱን የሚልከውን የኢንተርኔት ሰርቨር ስም ጽፌ "አመሳስል" የሚለውን ተጫንኩ። እምቢ አለ። ደግሜ ብጫን አሁንም እምቢ። "ምን ሆነሃል አንተ?" ብዬ ጮህኩበት፤ መስኮቱ ላይ የቆመ ሾፌር እሱን ያልኩት መስሎት ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ወደ መልእክቱ ብመለስ መጨረሻው ላይ ተጽፏል፤ ልዩነቱ ከልክ በላይ ከሆነ አይቀበልም፣ መጀመሪያ በእጃችሁ አቅርቡት፣ የቀረውን እሱ ይሞላዋል። ዓመቱንና ቀኑን አስተካክዬ ብጫነው በአንድ ጊዜ እሺ አለ።

ከዚያ ለጋሼ ደወልኩ። ያን ቀን አርባ ደቂቃ አወራን። የሰርቨሩን ስም ፊደል በፊደል አስቆጠርኳቸው። ነጥብ ያልኳቸው ቦታ ኮማ አስገብተው ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርን። "እህት ዓለም፣ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል አስቆጠርሽኝ" እያሉ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። እኔ! በመጨረሻ "እሺ አለኝ!" ብለው እንደ ልጅ ጮኹ። ስናነጻጽር እኔ ጋ ደቂቃው ሲዞር እሳቸውም ጋ ዞረ።

"በይ እንግዲህ ተገላገልን" አሉኝ።

"ተገላገልን ጋሼ።"

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እጄ ወደ ስልኩ ሄደ። ምን ልል ነው? ሰዓቱ እንደሆነ ገጥሟል። መለስኩት። እሳቸውም አልደወሉም። በሦስተኛው ቀን ዘነበ፤ የቢሮው ቆርቆሮ ሲንጫጫ "አሁን ቢደውሉ አይሰማኝም" ብዬ ስልኩን ጆሮዬ አጠገብ አስጠጋሁት። ማንም አልደወለም። ሳምንት አለፈ። ቤት ገብቼ ራት አልበላ አለኝ። አንድ ማታ ለድስቱ "ቁርስ በላሽ?" ስል ራሴን ሰማሁትና ደነገጥኩ። በሃምሳ ዓመቴ የማላውቀው ሰው ናፈቀኝ። ናፈቀኝ ነው የምለው፣ ሌላ ቃል የለውም።

"ዝም ብለሽ አትደውዪም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። ምን ቆርጦኝ! ሰውየው "ምን ፈለግሽ?" ቢሉኝስ? እኔ ለሰው ሁሉ የምለውን ቢሉኝ የት እገባለሁ?

ስለዚህ ያደረግሁትን ልናገር። አንድ ጠዋት ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ያችን ሰዓቱን በራሱ የምታስተካክል ምልክት አነሳኋትና ሰዓቱን በእጄ አራት ደቂቃ አስቀደምኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ የእኔ ቀድሞብኛል መሰለኝ።"

"በስንት?"

"በአራት ደቂቃ።"

"ነይ በያ" አሉኝ። "ቆይ... ቆይ... አሁን!" ከዚያም "እናንተ ጋ ዘነበ?" ብለው ጠየቁ። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም፤ ያን ቀን ለሾፌሮቹ ሁሉ "አይዞህ" ስል ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ፣ ኋላም በየቀኑ ሆነ። በየጠዋቱ አበላሸዋለሁ፣ በየጠዋቱ አብረን እናስተካክለዋለን። እየደፈርኩ ስሄድም ልዩነቱን አበዛሁት። ብዙ ከተዛባ ብዙ እናወራለን የሚል የጅል ሐሳብ ነበረኝ።

ቅዳሜ ቀን ነው። ሃያ ደቂቃ አስቀድሜው ቁጥሩን ልደውል ስል አንድ ሾፌር መስኮቱን አንኳኳ። ፊቱ ጥቁር ብሏል። "እትዬ፣ ቶሎ በይልኝ፤ ነገ የአባቴ አርባ ነው፤ ዛሬውኑ ዲላ መግባት አለብኝ" አለኝ። አንጀቴን በላው። ስልኩን ጣልኩና ወረቀቱን በጥድፊያ አትሜ ሰጠሁት። "ነፍስ ይማር" አልኩት። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሰዓቱ ትዝ ያለኝ ጋሼ ራሳቸው ሲደውሉ ነው።

"አንቺ፣ ከእኔ አሁን ተቀብሎ የወጣው ልጅ ኬላ ላይ ተይዟል። ወረቀትሽ ገና ያልደረሰ ሰዓት ይላል" አሉኝ።

ቢሮውን ክፍት ትቼ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ ወደ ኬላው በረርኩ። "ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው" አልኩ፤ ማልኩ፣ ለመንኩ። የተጭበረበረ ወረቀት ይመስላል፣ ኃላፊው ሰኞ ይየው አሉ የኬላው ሰዎች፤ መኪናውን ግቢ አስገብተው የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ያዙ። ሾፌሩ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ለእናቱ ስልክ ሲደውል አየሁት። እንደማይደርስ እየነገራት ነበር። ቢጮህብኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሰኞ ለቀቁት። ከመሄዱ በፊት ትክክለኛውን ወረቀት ሊወስድ ወደ እኔው መስኮት ተመልሶ መጣ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰው ሥራ ነው የማሽን?" አለኝ።

"የማሽን ነው" አልኩት።

"ማሽን ከሆነ ምን ይደረጋል" አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ሰድቤ አውቃለሁ፣ ሰው ያን ያህል በድዬ ግን አላውቅም። እሱ ከዓይኔ እንደራቀ ምልክቷን መለስኳት፤ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ራሱ አስተካከለ። ከዚያ ማዶ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ማሽኑ አልተበላሸም። እኔ ነኝ ሆን ብዬ የማዛባው። የምደውልበት ምክንያት አጥቼ ነው።"

ወንበር ስበው ሲቀመጡ ተሰማኝ።

"አውቅ ነበር" አሉ። "የእኔም ያንቺም ሰዓቱን ከኢንተርኔት አይደል የሚቀበሉት? የእኔ ካልተነቃነቀ ያንቺም ሰው ካልነካው አይነቃነቅም። መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ብናገር መደወል ትተያለሽ ብዬ ነዋ።" ድምፃቸው ተሰበረ። "የዚያ ልጅ ነገር የሁለታችንም ዕዳ ነው። ብቻሽን አትሸከሚው።"

ደህና ዋይ ብለው ዘጉ።

ከዚያ በኋላ አልደወልኩም። በማን ፊት? ስልኩን ባየሁ ቁጥር ከመኪናው ጥላ ሥር የተቀመጠው ሰው ይመጣብኛል። ቀኑ ሄደ። ሰዓቱ እንደሆነ አንዲት ሰከንድ አልተዛነፈም፤ ወረቀቱም ኬላ ላይ አይያዝም። ሁሉ ነገር ትክክል ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ትክክል በሆነ ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ሰሞን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሌሊት ሌሊት "ብናገር መደወል ትተያለሽ ብዬ" ያሉት ይመላለስብኛል። እሳቸውም ይጠብቁኝ ነበር ማለት ነው። እኔም አንድ ሰው የምጠብቅ መስሎኝ፣ ለካ እጠበቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነስቼ ቆምኩና ደወልኩ። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ቆሜ የደወልኩት ቁጭ ካልኩ ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርቼ ነው። ያነሳችው ግን ሴት ናት፤ የልጅ ድምፅ።

"ጋሼ የሉም?" አልኳት።

"ጡረታ ወጥተዋል። ልጃቸው ጋ ሄዱ። አዲስ ስልክ ሳወጣ እደውላለሁ ብለው ነበር፣ እስካሁን አልደወሉም" አለችና "ከማዶ ነዎት እንዴ? ሦስት ሰዓት ላይ የሚደውሉት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አዎ።"

"ወይኔ እትዬ! ሲሄዱ አደራ ብለውኝ ነበር። 'ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከማዶ አንዲት ሴት ትደውላለች፤ ሰዓቱ ደህና ነው ብለሽ እንዳትዘጊባት፤ ቁርስ መብላቷን ጠይቂያት' ብለው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሰዓቱ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁዎት እኮ። ምነው ጠፉ?"

ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ጨነቃት መሰለኝ "ሰዓቱ ተዛብቶ ነው?" አለችኝ።

"አይ፣ ሰዓቱ ደህና ነው።"

"ታዲያ ምን ልታዘዝ?"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"እናንተ ጋ ዘነበ?" አልኳት።

"እንዴ እትዬ፣ ሰማዩ አንድ አይደል እንዴ?" ብላ ሳቀች።

"ለወሬ ነው እንጂ" አልኩ።