የኒያ ጣሳ

ከሚሴ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ሚኒባሶች ከሚጭኑበት ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። በማሽኑ ጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ያለፈ ሰው ከኋላ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ያገኛል። ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ክዳኑ የዛገ የብስኩት ጣሳ። ቲቸር ሙሀመድኑር ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለትልልቅ ሰዎች እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት እዚህ ነው። እኔን ያስተማሩኝ ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው። ያን ጊዜ ፀጉራቸው ጥቁር ነበር፤ ባለቤታቸው ሳቢራም በሕይወት ነበረች።

የጣሳው ነገር እንዲህ ነው። ድሮ ለመምህራን በተሰጠ አንድ ሥልጠና ላይ ቲቸር፣ ጎልማሳ ተማሪ ግብ ካላስቀመጠ አይዘልቅም ተብለው ነበር። ክፍሉን እንደከፈቱ ለሁሉም አንዳንድ ካርድ አደሉና «ግባችሁን ጻፉ» አሉ። «እንግሊዝኛ ማወቅ» ተብሎ ተጻፈ። «መሻሻል» ተብሎ ተጻፈ። አንዱማ «ለአካባቢዬ ልማት አስተዋጽኦ ማበርከት» ብሎ ከስብሰባ የለመደውን አሰፈረ። ቲቸር አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳምንቱ ሌላ ካርድ ይዘው መጡ።

«ግቡን ተዉት» አሉ። «ኒያችሁን ጻፉ።»

 ኒያ የልብ ቁርጥ ሐሳብ ነው፤ ለይስሙላ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ሰው ሲሰግድም ሲጾምም አስቀድሞ በልቡ ኒያ ያደርጋል፤ ኒያው የተበላሸበት ሰው ቢደክምም ድካሙ ብቻ ነው የሚተርፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየካርዱ ላይ ሦስት ጥያቄ ይሰፍራል፦ ምን? ለማን? እስከ መቼ? ካርዱን የሚጽፈው ባለቤቱ በገዛ እጁ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ጣሳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ኒያው የሞላለት ቀን ባለቤቱ ካርዱን አውጥቶ ይሄዳል።

ብዙዎች አውጥተው ሄዱ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለከፍተኛ ትምህርት ፈተናዋን አልፋ ሄደች። ባጃጅ ነጂው አብዱልጀሊል «ለሹፌርነት በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ማለፍ፣ ለልጆቼ፣ እስከ ረመዳን» ብሎ ጽፎ፣ በአምስት ወሩ ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ቀጠረው። መንገድ የተዘጋባቸው ክፉ ወራትም የቀሩትን በተኑ። ቲቸር በደንብ ባስተማሩ ቁጥር ወንበሩ ይራቆት ነበር። ባለፈው ዓመት የቀረችው ተማሪ አንድ መሪማ ብቻ ነበረች።

መሪማ ጨፋ ሮቢት የምትኖር የእህል ነጋዴ ናት፤ ማሽላና በቆሎ ትገዛለች፣ ትሸጣለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች። አንድ ልጇ ጀነት መጀመሪያ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ፣ እዚያ ሶማሌ አግብታ፣ አሁን ሜልቦርን ናት። ባልና ሚስቱ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የስድስት ዓመቷ ሰሀር ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የላትም። በስልክ ሲገናኙ አያትና የልጅ ልጅ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ጀነት መሀል ገብታ ለዚህም ለዚያም ታቀብላለች።

የመሪማ ካርድ እንዲህ ይል ነበር፦ «ከሰሀር ጋር ማውራት፣ ጀነት መሀል ሳትገባ። ለእኔና ለሰሀር። እስከ አረፋ።»

የመጀመሪያው ትምህርት ሰላምታ ነበር። ቲቸር «ሃው አር ዩ» አሉ፤ መልሱን «አይ አም ፋይን» አስተማሯት።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች መሪማ።

«ከዚያማ በቃ። ወደ ጉዳይ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ቤቱን ሳልጠይቅ፣ ከብቱን ሳልጠይቅ፣ ጎረቤቱን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳይ? ቲቸር፣ ይሄማ ሰላምታ ሳይሆን ግልምጫ ነው።»

ቲቸር ሳቁ። ሳቢራ ካለፈች ወዲህ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም አልለቀቋትም። መሪማ በእንግሊዝኛ ቤትሽ ደህና ነው፣ ጎረቤትሽ ደህና ነው ማለት በጀመረች ቁጥር ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ኳ ያደርጉ ነበር። «ስህተት። ፈረንጅ እንዲህ አይልም።»

በር ላይ ግን ማንም አያርማትም። መሪማ ጫማዋን ከጭቃ አራግፋ ደፉ ላይ ትቆማለች፤ በኦሮምኛ የምትጀምረው ሰላምታ ሳያልቅ አትቀመጥም።

«አከም ቡልተን ቲቸር? ነጋ? እንደምን አደሩ? ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ቤቱ? ግቢው? ጎረቤቱ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ? እህሉ? መንገዱ?»

«ሹክረን ለላህ። ብርዱ አልጎዳዎትም? እንቅልፍስ ይወስድዎታል?»

ቲቸር ከሳቢራ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኖሩ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አድረው ሲነጋ እንዲሁ ይጠያየቁ ነበር፤ ወገብ፣ ጉልበት፣ እንቅልፍ። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ሳቢራ የሞተች ሰሞን ግቢው በሰው ተሞላ፤ ከአርባው በኋላ ሰው ወደየጉዳዩ ሄደ። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ «ደህና ነዎት?» ይላቸዋል፤ ደህና ነኝ እስኪሉ ሰውየው ሁለት እርምጃ አልፏል። ወገባቸውን የሚጠይቅ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ ብቻ ሆነ።

አረፋ ደረሰ። መሪማ ስለ ቤቷ፣ ስለ ገበያዋ፣ ስለ ዝናቡ ሳትደናቀፍ መናገር ጀምራ ነበር።

«ለበዓሉ ልደውልላት?» አለች።

ቲቸር ወደ ሰሌዳው ዞሩ። «ያለፈውን ጊዜ ግስ መች ጨረስን? ‹ትናንት ምን በላሽ› ብትልሽስ?»

«ገንፎ እላታለሁ።»

«በየትኛው ግስ?»

መሪማ ደብተሯን ገለጠች። ያሏት መምህር ናቸው፤ የመምህር ቃል ትሰማለች። የዚያን ቀን እሷ ከሄደች በኋላ ቲቸር ጣሳውን ከፈቱ። የራሳቸውን ሕግ ሲያፈርሱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። በቀይ እስክሪብቶ «አረፋ» የሚለውን ሰርዘው «መውሊድ» ብለው ጻፉበት።

ከዚያ ያለፈው ጊዜ ግስ አለቀና የባቡር ቃላት መጡ። ሃያ ሦስት ቃል፤ ሐዲዱ፣ ፉርጎው፣ ትኬት ቆራጩ።

«ባቡር ከሮቢት አይነሳ፤ ይሄ ለእኔ ምን ይሆነኛል?» አለች መሪማ።

«ቃል አይከፋም፤ ይጠቅምሻል።»

በክረምቱ አንድ ሐሙስ መሪማ ዘግይታ መጣች። ሰላምታውን አንድም ሳታጎድል ጨረሰችና ተቀመጠች፤ ደብተሯን ግን አልከፈተችም።

«ልጅቷ እየሸሸችኝ ነው ቲቸር» አለች። «ትናንት ጀነት ብትጠራት ብትጠራት አልመጣ አለች። ‹አያቴ ዝም ብላ ነው የምትስቀው፤ ምን ልሁናት?› አለቻት አሉ። እውነቷን ነው። እስቃለሁ እንጂ ምን እላታለሁ? እናቷ እየለመነች የምታመጣት ስንት ጊዜ ነው? አንድ ቀን መጥራቱንም ትተወዋለች።»

«አይዞሽ» አሉ ቲቸር። «መውሊድ ቅርብ ነው።»

«መውሊድ? እኔ መውሊድ ብዬ ነበር እንዴ?»

ቲቸር ጠመኔ አነሱና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ትምህርቱ ሳይጋመስ በሩን የሚያንኳኳ ሰው መጣ። አብዱልጀሊል ነው፤ ከኮምቦልቻ ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲያልፍ መኪናውን ውጭ አቁሞ ነው የገባው። የድርጅት ሰደርያ ለብሷል። ቲቸርን ትከሻ ለትከሻ ሳማቸው፤ ከዚያ ሰውነቱን ወደ መሪማ መልሶ በእንግሊዝኛ ጀመራት። ከየት ነሽ፣ ምን ትሸጫለሽ፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው? መሪማ ሁሉንም መለሰች። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ መንገዱን እንደቆረጠው፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ኩንታል በቆሎ እንደረጠበባት ነገረችው። ያለፈው ጊዜ ግስ አንዱም አልተሰበረም።

አብዱልጀሊል አፉን ይዞ ሳቀ። «ኧረ ቲቸር፣ ይቺን ሴትዮ ምን አድርጋ ነው ያሰሯት? ከእኔ እኮ ትበልጣለች። እኔ ቃለ መጠይቁ ላይ የራሴን ስም ሦስት ጊዜ ነው ያስደገሙኝ።» ወደ መሪማ ዞረ። «እትዬ፣ ኒያሽ ምን ብትይ ነው? ንግሥቲቱን ልታነጋግሪ ነው?»

«የልጄን ልጅ» አለች መሪማ።

«እና እስካሁን?»

መሪማ ተነሥታ ጣሳውን ከፈተች። ውስጡ አንድ ካርድ ብቻ ነበር። አወጣችው፣ ዓይኗን አጥብባ አነበበችው፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ እንደገና አነበበችው።

«ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አለች።

አብዱልጀሊል ሳቁን ዋጠ። የመኪና ቁልፉን ከኪሱ ሲፈልግ ቆየና፣ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው ብሎ ወጣ።

«የእኔ ነው» አሉ ቲቸር። ቆመው ነበር፤ ተቀመጡ። «ለአረፋ ደርሰሽ ነበር። ከዚያም በፊት ደርሰሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ኒያዬ ተበላሽቶ ነው። ላስተምርሽ ነበር የጀመርኩት፤ ኋላ ግን ማቆያ ሆነ። ከዚያ በር ላይ ቆመሽ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ ትያለሽ። ሌላ የሚጠይቀኝ የለም።»

መሪማ በቀይ የተጻፈውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል፤ የፎቶ ኮፒው ማሽን ይንቋቋል።

«ለአንቱ ወገብ ሲባል ነው የእኔ ልጅ የሸሸችኝ?» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። 

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ቀጥላ።

«ሦስት ከሩብ።»

«እዚያ ከትምህርት ቤት ገብታለች።» ስልኳን አወጣች፤ ኢሞ ከፍታ ደወለች። ጀነት አነሳች።

«ሰሀርን ስጪኝ» አለች መሪማ። «አንቺ ክፍሉን ለቀሽ ውጪ።»

«እንዴ እማዬ፣ ማን ያቀብላችኋል?»

«ውጪ አልኩሽ።»

ስልኩ ውስጥ ብዙ መንሿሿት ሆነ። ከዚያ የአንዲት ልጅ ግንባርና ግማሽ ዓይን ታየ። ጉንጯን ነፍታለች። መሪማ አፏን ከፈተች፤ ዓመት ከሁለት ወር ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። ቲቸር ከወንበራቸው ሆነው ሲጠፋባት አዩ። ከዚያ፣ ሌላው ሁሉ ሲሄድ የማይሄደው መጣላት።

«ደህና ነሽ ወይ ሰሀር?» አለች በእንግሊዝኛ። «እናትሽ ደህና ናት? አባትሽ ደህና ነው? ቤታችሁ ደህና ነው? አስተማሪሽ ደህና ናት? ጎረቤቶቻችሁ ደህና ናቸው? ዝናቡ ደህና ነው?»

የቲቸር እጅ ወደ ጠመኔው ሄደ፤ ከመንገድ ተመለሰ።

ልጅቷ ለእያንዳንዱ «የስ» ትል ነበር፤ መጀመሪያ በስልቹነት፣ በኋላ እየቆየች። ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ሙሉ ፊቷ ታየ።

«ድመቷን አልጠየቅሽም» አለች።

«ድመት አለሽ? ድመቷ ደህና ናት?»

«አሟታል። አንቺስ? ወንበርሽ ደህና ነው?»

«ወንበሬ ደህና ነው።»

«ግድግዳሽስ?»

«ግድግዳው ትንሽ አርጅቷል።»

ልጅቷ ሳቀች። ቀጠለች፤ ጣሪያውን ጠየቀች፣ ጫማውን ጠየቀች፣ ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀች። ከዚያ ጣቷን ወደ ስልኩ ቀሰረች። «ከኋላሽ ያለው ሽማግሌስ? ደህና ነው?»

መሪማ ዞር ብላ ቲቸርን አየቻቸው። 

«ደህና ነው» አለች። ከዚያ ጨመረች፤ «ወገቡ ግን ደህና አይደለም።»

ኔትወርኩ እስኪቋረጥ አሥራ አንድ ደቂቃ አወሩ። ለባቡር ቃላት ቦታ አልተገኘላቸውም።

መሪማ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷን በሂጃቧ ጫፍ ጠረገች። ካርዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሐሙስ ትመጪያለሽ ወይ ብለው ቲቸር አልጠየቁም፤ ኒያው የሞላለት ካርዱን ይዞ ይሄዳል፤ ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። በር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት በምትቆምበት ደፍ ላይ ቆመች።

«አላህ ወገብዎን ያበርታልዎት» አለች።

«አሚን» አሉ ቲቸር።

ሐሙስ ዕለት ቲቸር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን ከፈቱ። ተማሪ የለም። ሰሌዳውን ጠረጉ፣ ወንበሮቹን አስተካከሉ፣ ከጣሳው ክዳን ላይ ዝገቱን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ሦስት ሰዓት አካባቢ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በኩል የእግር ኮቴ መጣ፤ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። የመጣችው የማሽኑ ባለቤት ዓፊያ ነበረች። ክፍሉ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዷ ናት፤ ካርዷን ካወጣች ዓመታት አልፈዋል።

«ሃው አር ዩ ቲቸር?» አለች።

«ፋይን» አሉ፤ ቆመው ጠበቁ።

ዓፊያ ከክፍሉ ጥግ አንድ እሽግ ወረቀት አንሥታ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። «በቃ፣ ወደ ጉዳይ» ብለው ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ።