«ይሸናሉ ወይ?» ያልሁባት ቀን

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ወንበሩን አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ደጅ ሲወጡ ያስቸግርዎታል?» አለኝ። ሞጣ ትዝ አለችኝ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ ሞጣ ውስጥ በአንዲት ክሊኒክ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰር የሚሉት፣ ሆኜ ተቀጠርሁ። አባቴ ቢቸና የቅኔ መምህር ነበሩ። «ሸና» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ሤነ» እንደ መጣ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «ቃሉ ነውር የለበትም፤ ሰው ፊት ግን ደጅ ወጣ በል፣ ውሃ ሽንት በል» ይሉኝ ነበር። ነጭ ጋዋን ከለበስሁ ወዲህ ግን ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም መሰለኝ።

ጥቅምት ነው፤ መንገዱ ገና ጭቃ፣ ገበያው በባቄላ እሸት የተሞላ። አንዲት አሮጊት በበቅሎ መጡ፤ በቅሎዋን የሚስበው የልጃቸው ባል ነበር። ሆዳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔም በቆምሁበት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ይሸናሉ ወይ?» አልኋቸው።

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ጮህሁ፤ «ሽንት! ሽንት ይመጣል?»

ሰው ሳቀ። የልጃቸው ባል አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አሮጊቷ፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ራሴን ነው» አሉ። የራስ ምታት ክኒን ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ መጡ። አለቃዬ አጠገባቸው ተንበርክኮ፣ «እናቴ፣ ደጅ መውጣት አቃተዎት?» ሲላቸው እንባቸው ወረደ። ለካስ የመጀመሪያውም ሕመማቸው ይኸው ኖሯል። መጋረጃ ጋርዶ በቀጭን ጎማ ውሃውን አወረደላቸው፤ ዳኑ።

ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ። ስድብ ጠበቅሁ።

«አነጋገርህ የቢቸና ነው። እኔም እዚያ ነው ያደግሁት። የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ብጠራ እንደሚያውቋቸው ገባኝ። የጨዋው መምህር ልጅ እንዲህ ያለ ባለጌ ሆነ ሲባል ታየኝ።

«አባቴ ሞተዋል፤ አያውቋቸውም» አልሁ።

«ወይኔ ልጄ! ያለ አባት ነው ያደግኸው?» ብለው ራሴን ደባበሱኝ። «ነፍሳቸውን ይማር። እጸልይላቸዋለሁ።»

አባቴ በዚያች ሰዓት ቢቸና ተማሪዎቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ። በየበዓሉ እየሄድሁ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኋቸውም።

አሁን እኔም ሽማግሌ ነኝ። በግንቦት ቢቸና ሄጄ መቃብራቸው አጠገብ ቆሜ ነበር። ስለ ጥያቄዬ ልጅነቴን ሰበብ አደርጋለሁ። በቁማቸው ስለ ቀበርኋቸው ግን ሰበብ ፈልጌ አጣሁ፤ «ይፍቱኝ» ለማለት እንኳ አፌን ይዞኝ ተመለስሁ።