ሽማግሌ ፊት የጠፋው መስመር

ሀረገወይን ቂም መያዝ የምትችል ሴት ናት፤ ራሷም አትክደውም። ባሏ ወንድይፍራው ልጃቸው ሄርሜላ ገና ዳዴ ስትል ጥሏቸው ሲሄድ «ያላንተም ትዳራለች» ብላው ነበር። በዚያ ቃል ጉልበት ዶሃ መጣች። ፈሪጅ አብዱልአዚዝ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ አል ቱማማ በሰው ቪላ ምግብ እያበሰለች፣ ልጇን ደብረ ብርሃን ላይ አስተማረች።

የመዳሯም ወሬ መጣ። ሽማግሌዎቹ በሀረገወይን ታላቅ ወንድም ቤት ሊቀመጡ ተቀጠሩ። «ሰጥቻለሁ» የሚለውን ቃል ግን ያሳደገችው እናት በቪዲዮ ትናገረዋለች ተባለ። እሷም ለዚያ ቀን ብላ የሞባይሏን የኢንተርኔት ጥቅል አቋርጣ የቤት ኢንተርኔት አስገባች። የሸጠላት ሰው «እንደ ውኃ ነው የሚፈስልሽ» ብሏት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው፣ «ተቀመጡ» ተብለው ተቀመጡ። ማንም ያልጠራው ወንድይፍራውም ጥግ ይዞ ታየ። የሀረገወይን ፊት ጠቆረ። ዋናው ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን…» ሲሉ ምስሉ ደርቆ ቀረ፤ ራውተሩ ላይ ቀይ መብራት በራ። በተራ ስልክ ብትደውል ማን ያንሣ? ሽማግሌ ፊት ስልክ አይጮኽም ተብሎ የቤቱ ስልክ ሁሉ ድምፁ ጠፍቷል። መስመሩ በማግሥቱ ሲመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። ወንድይፍራው ብድግ ብሎ «እሷ ካኮረፈች እኔ አባቷ አለሁ፤ ሰጥቻለሁ» ብሏል።

«ኔትወርክ ነው እንዳትዪኝ እማ» አለቻት ሄርሜላ። «አባዬን ስታዪ ፊትሽ እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ። ዘጋሽብኝ።»

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ስልክ ብታነሣም እንደ ባዳ ነበር የምታናግራት።

ሀረገወይን ለኩባንያው ደወለች። የተቋረጠበት ቀን ከሒሳቧ ይቀነስላታል ተባለች። ነገሩን በሆዷ ቋጠረች። ዶሃ ሥራ የሚዘጋው ዓርብ ስለሆነ ዓርብ የቤተ ክርስቲያን ቀኗ ነው፤ ግን ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት መሆኑን ስለምታውቅ፣ ነጠላዋን ትታ አባያዋን ደርባ የገበያ ማዕከል ውስጥ ወዳለው የኩባንያው ሱቅ ሄደች። ያስተናገዳት ሶፎንያስ የሚባል ሐበሻ ነው፤ ከረባቱ አንገቱን ያነቀው ይመስላል።

«እትዬ፣ ካሣው ይኸው ነው። ሲስተሙ ከዚህ በላይ አይፈቅድም።»

«ፍሉስ፣ ገንዘብ መቼ ጠየቅሁህ? የዘጋችሁት እናንተ መሆናችሁ ለልጄ ይነገራት።»

«እሱ እንኳ በእኛ አሠራር የለም። ለአለቃዬ እነግረዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«እግዜርን የምታስዋሸው አንተ ነህ?» አለችው።

በሚቀጥለው ዓርብም መጣች፤ በሌላውም። አዲስ መስመር ሊገዛ የተቀመጠ ሰው አጠገብ ትጠጋና «ለሠርግ ነው ለለቅሶ? ለሠርግ ከሆነ ይቅርብህ» ትለዋለች። አንዱ ሥቆ፣ አንዱ ተጠራጥሮ ይነሣል። አንድ ቀን የጥበቃው ሰው ክንዷን ያዛት። ያን ጊዜ አሠሪዋ ማዳም ስትበሽቅ የምታወርደው ዓረብኛ፣ አንገቷን ደፍታ ስትሰማው የኖረችው ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል በአፏ መጣ። ጥበቃው እጁን መለሰ። የሱቁ ኃላፊ ድምፁን ሰምቶ የትልቅ ቤት እመቤት የተቆጣች መስሎት፣ ኮቱን እየቆለፈ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ።

«ማዳም የታለች?»

«እኔ ነኝ» አለች ሀረገወይን።

ኃላፊው ሸበጧን አየ፤ ዙሪያውን የሚያዳምጠውንም ሰው አየ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ግማሽ ዓመት በነፃ» አላት።

«ነፃውን ለራስህ። ለሚመጣው ዓርብ ያን ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ቴሌቪዥን ስጠኝ። ይኼ ልጅ ደግሞ በአማርኛ ይመስክርልኝ።»

ደብረ ብርሃን ያሉት ሽማግሌዎችም ያላሳደገ አባት የሰጣቸው ቃል ሆዳቸው አልገባም ነበርና፣ ወንድሟ «እንደገና ተቀመጡልኝ» ቢላቸው እሺ አሉ። በቀጠሮው ዓርብ ሁሉም በሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ጥርት ብለው ታዩ። ወንድይፍራው የዚያን ቀኑን ወንበር ይዟል።

«መስመሩ የተቋረጠው ከእኛ ነው» አለ ሶፎንያስ። «እሳቸው አልዘጉም። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

«ጮክ በል፤ አሮጊቶች አሉ» አለችው።

ጮክ ብሎ ደገመው። ሄርሜላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዋናው ሽማግሌ ተነሥተው ጥያቄያቸውን እንደ አዲስ ጠየቁ። ሀረገወይን ዝም አለች። ወንድሟ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፤ ወንድይፍራው ግንባሩን ጠረገ፤ ቀጥሎም «እንግዲህ እኔ…» ብሎ ከወንበሩ ብድግ ማለት ጀመረ።

«እማ፣ ተቋረጠ እንዴ?» አለች ሄርሜላ በፈራ ድምፅ።

«አልተቋረጠም የኔ ልጅ። አባትሽ እስኪቀመጥ እየጠበቅሁ ነው።»

ሽማግሌው ዞረው አዩት። ወንድይፍራው ተቀመጠ።

«ሰጥቻለሁ» አለች ሀረገወይን። ሄርሜላ አለቀሰች፤ እልልታው ቤቱን ሞላው። ወንድይፍራው ደስታውን ሊገልጽ አፉን ሲከፍት አየችውና፣ መስመሩን በገዛ ጣቷ ዘጋችው።