ከሽቦው ላይ ያወረድኩት ቴርሞስታት

«አንቺ ልጅ፣ የፈላ ሁሉ ድስት አይደለም። ተነሽ ከዚያ!»

እንዲህ ያሉኝ የሰፈራችን መካኒክ ናቸው፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ አባቴ ፊት። እኔ ኮፋኖዋ የተከፈተ መኪና ላይ እስከ ወገቤ ጎንብሼ ነበር። ቀና አልኩና «ድስት ቢሆንማ ጋሼ፣ አንቱን ማን ይጠራ ነበር?» አልኳቸው። አባቴ ትከሻው ላይ በጣላት ፎጣ ሳቁን አፈነ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

«የሞተሯ ቴስታታ ተቃጥሏል። ሽጣትና ተገላገል» ብለውት ወጡ።

መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ግን የትልቅ ሰው መኪና ነበረች። ጀርመን የተሠራች፣ ግራጫ፣ ፊት ለፊቷ በእንጨት የተለበጠ፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ሌላው መኪና «ቋ» ሳይሆን «ድፍ» የሚል። አባቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ፣ አለቃ ከኋላ አስቀምጦ አሥራ አምስት ዓመት ነድቷታል። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወጣት ገዛና ከሚሴ ይዟት መጣ። ባጃጅ ገና ከተማውን መሙላት የጀመረበት ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ «ጀርመኗ» ይላት ነበር፤ ስታልፍ ሱቅ ውስጥ ያለው ሳይቀር አንገቱን ያወጣል።

ከዚያ መፍላት ጀመረች። ከከሚሴ ወጥታ ሐርቡን ሳታልፍ ትፈላለች። ራዲያተሯ ሁለቴ ተበየደ፣ የውሃ ፖምፓዋ ተቀየረ፣ ወይ ፍንክች! አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ ጎንብሶ መሥራት አይችልም። መጀመሪያ ቁልፍ አቀብለው ነበር። ኋላ ማቀበሉን ትቼ መፍታት ጀመርኩ። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ፤ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም።

በዚያው ሳምንት አንድ የኮምቦልቻ ሰው እሁድ ሊወስዳት ተስማማ። ሊነዳት አይደለም፤ በታትኖ ለመለዋወጫ ሊሸጣት ነው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም።

«ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ሲከፋው ኦሮምኛው ይቀድመዋል። «ሰው ሲያረጅ ይጦራል። መኪና ሲያረጅስ ምን ይደረጋል?»

«ይሠራል!» ብዬ ጮህኩበት።

ሐሙስ ለት አክስቴ ቦርከና ዳር ያላትን ሽንኩርት እንዳጠጣላት ላከችብኝ። ውሃውን ለቀቅኩት፤ ማሳው ግን አልረጥብ አለ። አክስቴ ከማዶ «ማል ታቴ! ምን ነካሽ? አቋራጩን ሳትደፍኚ ውሃው የት ይሄድልሽ መሰለሽ?» ብላ ጮኸች። ዞሬ ሳይ እውነቷን ነው። ወደ ወንዙ የሚመልሰው ትንሹ ቦይ አፉን ከፍቷል፤ ውሃው ማሳውን ሳይነካ ወደ መጣበት ይመለሳል። ውሃ ሰነፍ ነው፤ ቅርብ መንገድ ካገኘ ሩቁን አይሄድም።

የመኪናዋ ውሃ ትዝ አለኝ። አካፋውን ወርውሬ ሮጥኩ። አክስቴ ከኋላዬ ምን ብላ እንደሰደበችኝ አልሰማሁም።

መኪናዋ ውስጥ በጀርመንኛ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ነበረ። አንድ ቃል አላውቅም፤ ሥዕሎቹን ግን ስንቴ አገላብጫቸዋለሁ። ገለጥኩ። ይኸው! የሞተሩን ውሃ የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሁለት ክዳን አለው። ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛው ክዳን ውሃው ወደሚቀዘቅዝበት ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ የታችኛው ደግሞ ውሃውን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይደፍናል። ቀስቶቹ ቁልጭ ብለው ያሳያሉ።

የእኛዋ ደግሞ ቴርሞስታት የላትም። መካኒኩ ነቅለውታል። የእኛን ብቻ መቼ ሆነና፤ እኛ አገር ጋራዥ የገባ መኪና ሁሉ ቴርሞስታቱን ጥሎ ነው የሚወጣው። «ለቆላ መኪና ቴርሞስታት ማለት በግንቦት ጋቢ መደረብ ነው» ይላሉ። ብዙው መኪና ያለሱም ችሎት ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚከራከር የለም። ጀርመኗ መፍላት የጀመረችው ግን ልክ ከዚያ ወዲህ ነው! ውሃዋ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ እየዞረ ነበር፣ ልክ እንደ አክስቴ ቦይ። እኔን ጨምሮ አንድም ሰው ነገሩን አላገናኘውም።

መጽሐፉን ይዤ፣ ከነጭቃዬ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ የነቀሉትን ቴርሞስታት አይጥሉም፤ ሽቦ ላይ ሰክተው እንደ ሙስባህ መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል።

«ጋሼ፣ የኛን ይስጡኝ።»

«ለምንሽ?»

«ልመልሰው።»

«ወላሂ ይህች ልጅ ለየላት! እኔ ጋቢውን ገፍፌ አቀዘቀዝኳት፣ እሷ መልሳ ልታለብሳት!»

«ጋቢ አይደለም፣ መዝጊያ ነው። ያፈሏት አንቱ ነዎት!»

ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሁለት የአይሱዙ ሾፌሮች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ዞሩ። አፌ ነው፤ ምን ላድርገው። መካኒኩ ሽቦውን ከምስማሩ አውርደው እግሬ ሥር ጣሉት።

«ፈልጊያ! እሁድ ሳትሸጥ ነድታችሁ ስትሞክሯት አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ካልፈላች» አሉና ጭቃ የለበሰ እግሬን አዩ፣ «ጋራዤን ዘግቼ እንዳንቺ ሽንኩርት አጠጣለሁ።»

መሬት ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ከሥዕሉ ጋር አስተያየሁ። ሁለት ክዳን ያለው አንድ ብቻ ነበር።

ቤት ወስጄ በእናቴ ድስት ውሃ ጣድኩና ከተትኩት። እናቴ ብቅ ብላ «አዑዙ ቢላሂ! የምን ወጥ ነው?» አለች።

«የጀርመን!»

ውሃው ሊንተከተክ ሲል ነገርየው ቀስ እያለ አፉን ከፈተ። አወጣሁት፤ ዘጋ። መለስኩት፤ ከፈተ። «አባዬ! ይተነፍሳል! ና እየው!» እናቴ ሳትቀር ጎንበስ ብላ አየችና «ማሻአላህ» አለች። ወዲያው ቀጠለች፦ «ድስቴን ግን ትተኪያለሽ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገጠምኩት። ውሃ እንዳያፈስ የሚደረገው ጋስኬት ስላልነበረኝ የፊዚክስ ደብተሬን ሽፋን በመቀስ ቆርጬ፣ ግራሶ ቀብቼ አደረግሁ። አባቴ በርጩማ ላይ ሆኖ «ብሎኑን አታጥብቂው፣ አሉሚኒየም ነው፣ ይሰነጠቃል» ይለኛል። ሞተሯን አስነሳ። ወደ ራዲያተር የሚሄደውን የውሃ ጎማ ጨብጬ ጠበቅሁ። ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ። አሁንም ቀዝቃዛ። ድንገት እጄ ውስጥ ሞቀ! «ተከፈተ!» ብዬ ስዘል ጭንቅላቴ ከኮፋኖው ተላተመ። ዛሬም ምልክቱ አለ፤ ደስ ይለኛል።

እሁድ ገዢው በፒክአፕ መጣ፤ መጎተቻ ገመድ ይዟል። መካኒኩም ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዘው መጡ። አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«የሐረጎን ዳገት ሳትፈላ ከወጣች አልሸጣትም። ከፈላች እዚያው መንገድ ላይ ጎትተህ ውሰዳት።»

«ለኔ ወደ ቤቴ ነው፤ ምን ቸገረኝ» አለ ገዢው። «ማን ነው የሚነዳት?»

አባቴ ቁልፉን ወደ እኔ ወረወረው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስምንት ወር አልሞላኝም ነበር።

ሐርቡን አለፍን። የሙቀት መርፌው ሰማንያን አለፍ ብሎ ቆመ። ኮምቦልቻን አለፍን፤ ገዢው በፒክአፑ ይከተለናል። የሐረጎ ዳገት ተጀመረ። ሁለተኛ ማርሽ። መካኒኩ ከኋላ ወንበር ጀሪካኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ በትከሻዬ በኩል መርፌውን ያያሉ። «አሁን ይነሳል» ይላሉ። ኩርባ። «አሁን!» ኩርባ። አባቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። መርፌው ዘጠና ነካ። ቀና ያለ መንገድ ስናገኝ መርፌው መልሶ ዝቅ አለ።

«አጂብ!» አሉ መካኒኩ።

አናቱ ላይ አቆምኩና ኮፋኖውን ከፈትኩ። እንፋሎት የለም። ገዢው ደርሶ ጆሮውን ራዲያተሩ ላይ ደቀነ፤ ወዲያ ዞሮ፣ ወዲህ ዞሮ አየ።

«እኔ ደግሞ ወንበሮቿን ለአንድ ሰው ቃል ገብቼ ነበር።»

«በርጩማ ግዛለት» አልኩት።

መካኒኩ ጀሪካኑን ይዘው መንገድ ዳር ወረዱ። እጅጌያቸውን ሰብስበው በውሃው ለዙሁር ሶላት ውዱእ አደረጉበት፤ የተረፈውን ለአባቴ አቀበሉት። ሰግደው ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ።

«ነገ ጋራዥ ነይ። መጽሐፍሽንም ያዥ። ሽቦው ላይ ያለውን የማን የማን እንደሆነ እንለያለን።»

«ሽንኩርቱስ ጋሼ?»

«አፍሽን!» አሉና ሳቁ። እየሳቁ የገዢው ፒክአፕ ውስጥ ገቡ፤ ዞረው ቁልቁል ወረዱ።

አባቴ ጉልበቱን ይዞ ገባና በሩን ሳበው። ድፍ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ደሴ» አልኩት። ማርሽ አስገብቼ ሄድኩ።