የአልጋነሽ ቀለም በላተኞች

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ጣቃ ተዘርግቶ ቢለካ ስንት ክንድ ይወጣዋል? አልጋነሽን ብትጠይቋት «እኔ ምን አውቄ፣ እጄን እዩት» ትላለች። ሠላሳ ዓመት ከሸማ ተራ ጀርባ የጥለት ክር ስትነክር እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል።

ከግቢዋ የሚወጣው ቦይ ደግሞ ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ አረንጓዴ ነበር። ጎረቤቷ ነጋዴው አብደላ ቦዩን አጎንብሶ እያየ የበዓሉን ጥለት ቀለም ከገበያው ቀድሞ ያውቅና ሸማውን ያከማች ነበር። አንድ ቀን ግን የወረዳው ሰዎች መጥተው ቁርጡን ነገሯት፤ ውሃው በወር ውስጥ ካልጠራ ግቢው ይታሸጋል።

ያኔ ስለ ፍሳሽ ውሃ የምታጠና ሳምራዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደረሰችላት። ከዚያው ቦይ ጭቃ ዝቃ፣ ከቀለሙ እጣቢ ጋር በርሜል ውስጥ ጨመረች።

«እትዬ፣ እዚህ ጭቃ ውስጥ ቀለም መብላት የለመዱ ባክቴሪያዎች አሉ።»

«ሠላሳ ዓመት ስቀልባቸው አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልን አይሉም?»

እኛ ቆሻሻ ያልነውን ምሳዬ ብሎ የሚጠብቅ ፍጥረት አይጠፋም። ግን ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ውሃው ያው ቀይ። ሳምራዊት ጠዋት ማታ ክዳኑን ከፍታ ታማስላለች፣ ትተክዛለች። የጉራጌ ልጅ አልጋነሽ አላስችል አላት።

«ልጄ፣ ጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ በየሰዓቱ እየተገላለጠ በስሎ ያውቃል?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው።»

«ቆጮስ ምን መሰለሽ?»

ልጅቷ ስትሄድ አልጋነሽ አንድ ጭብጥ ያልተጋገረ ቆጮ በርሜሉ ውስጥ ጣለች፤ አፉን በኮባ ቅጠል ደራርባ ጥርቅም አድርጋ አሰረች፤ ድንጋይ ጫነችበት፤ ልጅቷ ስትመለስም አላስነካቻትም። በስምንተኛው ቀን ሲከፈት የበርሜሉ ወለል ከታች ወለል ብሎ ታየ።

«ለካ አየሩ ነው ያሰነፋቸው! ምግብም ጎድሏቸው ነበር» አለች ሳምራዊት። ተቃቅፈው በርሜሉን እየዞሩ ጨፈሩ። ቀለሙ ሲበላ የተረፈውን መርዝ በሁለተኛ በርሜል፣ አሁን ደግሞ አየር እየነፉ፣ አየር በሚወዱ ሌሎች ባክቴሪያዎች አስጨረሱት። የወረዳው ሰዎች ለክተው ፈቀዱ። አብደላ የጠራውን ቦይ አፍጥጦ ሲያይ ቆየና፣

«ዘንድሮ ነጭ በነጭ ነው እንዴ?» አለ።

መስከረም ሲመጣ ሌላ ጭንቅ መጣ። አልጋነሽ ለመስቀል አገር ቤት ስትገባ እነዚያ ፍጥረታት በረሃብ ቢያልቁ ግቢዋም አብሮ ማለቁ ነው። ሳምራዊት «እኔ አበላቸዋለሁ» ብትላት አላመነቻትም፤ ስታማስል አይታታለችና። ከጭቃው ቀንሳ ትንሽ በርሜል ሞላች፤ በሁለት ሰው አሸክማ አውቶቡሱ ደጃፍ ቆመች።

«ወንበር አልጠየቅኩም፤ ጭኔ ላይ እይዛቸዋለሁ። ቆጯቸው የሚወጣበትን እንሰት አንድ ጊዜ አይተው ይመለሱ» ብላ ረዳቱን ለመነች፤ ሾፌሩን ለመነች፤ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ለመነች። እሺ ያላት አልተገኘም። በርሜሏን አሸክማ ተመለሰች፤ መስቀልንም ከእነሱ ጋር ግቢዋ ዋለች።