ፓስወርድ ሲጻፍ ዞር ማለት

ጨዋነቴ ከኮሌጅ ሊያስቀረኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የውጭ ኮሌጆች የሚጠይቁትን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ያን ዓመት ግን እናቴ ታመመችና ማመልከቱ ቀረ። እሷን እያስታመምኩ፣ ቀራንዮ ያለ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የልጆች አፍንጫ እየጠረግኩ ፊደል ሳስቆጥር ዓመታት ነጎዱ። እናቴ ስትድን "በይ እንግዲህ፣ እኔን ሰበብ ማድረጉ ይብቃሽ" አለችኝና አመለከትኩ። አንድ ኮሌጅ የድሮውን ውጤት እንደሚቀበል ጻፈልኝ። ቤት ያስቀመጥኩትን ወረቀት ግን አይፈልግም፤ ፈታኙ ድርጅት ራሱ በቀጥታ መላክ አለበት። ድርጅቱ ደግሞ ለመላክ የሚስማማው ለፈተናው በተመዘገብኩበት የድሮ ኢሜይሌ የሚመጣልኝን መልእክት ከከፈትኩ ነው።

የዚያን ኢሜይል ፓስወርድ አላውቀውም። ረስቼው እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያውኑ አውቄው አላውቅም። የከፈተልኝ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ኢንተርኔት ቤት የነበረው ሰውዬ ነው። በሄድኩ ቁጥር ፓስወርዱን ራሱ ይጽፍልኛል፤ እኔም ሰው ፓስወርድ ሲጽፍ አፍጥጦ ማየት ነውር መስሎኝ ዞር እላለሁ። ከገዛ ፓስወርዴ ፊቴን አዙሬ ግድግዳ ሳይ ኖርኩ።

ጠይቄ አጠያይቄ ሰውዬውን ዓለም ባንክ ሰፈር አገኘሁት። ኢንተርኔት ቤቱን ዘግቶ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ከፍቷል። ሚስቱ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጣለች። ውጤት የሚላክበት የመጨረሻው ቀን ያ ዕለት ነበር።

"ጋሼ፣ አስታወሱኝ?"

"እንዴት አላስታውስሽም! ለማዞሪያ ልጅ ሁሉ የውጭ አገር ማመልከቻ የሞላሁት እኔ አይደለሁ?" አለ ደረቱን ነፍቶ። ስንቱ እንደሄደ አልጠየቅኩትም።

"ፓስወርዴን ፈልጌ ነው።"

ፊቱ ልውጥ አለ። ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አያትና ክንዴን ይዞ ከተደረደረው የጣሪያ ቆርቆሮ ጀርባ ወሰደኝ።

"ያኔ እንዳይጠፋብኝ ለሁሉም ያደረግኩት አንድ ዓይነት ነው" አለ በሹክሹክታ። "የ... የአንዲት ልጅ ስም ነው። ነገ በስልክ ልንገርሽ።"

"ነገ ምን ያደርግልኛል? ዛሬ ማታ ይዘጋል!"

"ቀስ በይ እንጂ፣ ትሰማለች።"

እኔ ሲብስብኝ ድምፄን አላውቀውም። "ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር በእርስዎ የድሮ ፍቅረኛ ሊቀር ነው?" ብዬ ጮህኩ። ሚስማር ሲመርጥ የነበረ ደንበኛ እጁ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ሚስቱ ካቀረቀረችበት ቀና ሳትል የአንዲት ሴት ስም ጠራች፤ ከስሙ ኋላ የሚጻፉትን ቁጥሮችም አስከተለች። "ሁሉም በትንንሹ ፊደል ነው" አለችኝ።

"አንቺ... በምን አወቅሽ?" አለ ባልየው።

"እኔስ ኢሜይሌን የከፈትኩት አንተ ጋ አይደል? እኔ ግን ዞር አላልኩም።"

ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ተከፈተ። መልእክቱን አገኘሁ፣ ኮሌጁን መረጥኩ፣ ላክ የሚለውን ነካሁ። መላኩን ሲነግረኝ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ምን ያህል ፈልጌው እንደነበር ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር። ሚስትየው ሶፍት አቀበለችኝ።

ባልየው አጠገቤ መጥቶ "በእናትሽ፣ ፓስወርዱን አሁኑኑ ቀይሪው" ብሎ ለመነኝ።

እሺ ብዬ መቀየር ስጀምር እሱ በጨዋ ደንብ ፊቱን ወደ ቀለም ቆርቆሮዎቹ አዞረ። ሚስቱ ግን አንገቷን አስግጋ ጣቶቼን ታያለች። አንድ ቀን ቢጠፋብኝ የማንን በር እንደማንኳኳ አውቄያለሁና ስልኩን ጠጋ አደረግኩላት።